ስንቁ የማን ነው? ስለ ኢማክስ ኤዲተርና ስለየፕሮጄክቱ ኢንቫይሮንመንት የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

የታሪክ ጥናት ሲባል ለብዙዎቻችን በቶሎ የሚታየን የነገሥታት ዜና፣ የጦርነት ውሎ ወይም የንግድ መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ታሪክ ግን በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚኖር አንድ ትንሽ ነገር ነው። አንባብያን ነገሩ ታናሽ መስሎ ቢታያቸው አንፈርድባቸውም፤ እኛም ጉዳት እስኪደርስብን ድረስ ታናሽ መስሎን ነበርና።

ባለፈው ዓመት እኛ ሦስት ተማሪዎች ከአሮጌ የወረቀት መዛግብት የዝናም መጠን እየለቀምን በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባ ነበር። ከዚሁ ጎን ለጎን ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል፣ በየጊዜው እየጠረግን ባዶ የምናደርገው ሌላ ዳታቤዝ ነበረን። ሁለቱም ሥራዎች ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም፣ በአንድ ጊዜ ተከፍተው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ማታ የሙከራውን ፋይል ከፊታችን አድርገን የጠረጋውን ትእዛዝ ሰጠን። ትእዛዙ በትክክል ተፈጸመ፤ የተጠረገው ግን የሦስት ሳምንት ድካማችን ነበር። ማንም የተሳሳተ ፊደል አልጻፈም፤ ፕሮግራሙም እንከን አልተገኘበትም። ቅጂ ሳናስቀምጥ መቅረታችን የራሳችን ጥፋት ነው፤ እርሱን አንክድም። ያስጨነቀን ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ በሙከራው ፎልደር ውስጥ ሆነን የሰጠነው ትእዛዝ የሌላውን ፕሮጄክት አድራሻ ከየት አገኘው?

ለዚህ መልስ ስንፈልግ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት መመለስ ግድ ሆነብን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በኮምፒዩተር ላይ አንድ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ከባዶ ተነሥቶ አይጀምርም፤ ያስነሣው ሌላ ፕሮግራም አለ። አስነሺው ወላጅ፣ ተነሺው ልጅ ይባላል። ወላጁ ልጁን ሲያሰናብት አጫጭር ጽሑፎች ያስይዘዋል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል ዋጋው ይጻፋል፤ በመካከላቸው የእኩልነት ምልክት ይገባል። የተጠቃሚው መኖሪያ ፎልደር የት እንደሆነ፣ የተርሚናሉ ዓይነት ምን እንደሆነ የሚነግሩት እነዚህ ናቸው። ከሁሉ የሚታወቀው ፓዝ የሚባለው ሲሆን፣ ይኸውም አንድ ትእዛዝ ሲጠራ ፕሮግራሙ በየትኞቹ ፎልደሮች እንደሚፈለግ በተራ የሚዘረዝር ነው። ጥቅሉ በሙሉ ኢንቫይሮንመንት ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስንቅ እያልን እንጠራዋለን፤ ለመንገደኛ ከቤት ሲወጣ የሚታሰርለት ነውና።

ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ላብራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ስንቅ የማስያዙ ሥርዓት ግን ከመጀመሪያው አልነበረውም። ዛሬ በምናውቀው መልክ የመጣው በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው እትም ጋር ነው፤ ስቲቨን ቦርን የጻፈው ሼል፣ ማለት ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ የወጣውም ከዚሁ እትም ጋር ነበር። የዚህ ሥርዓት ሁለት ጠባዮች ለቀረው ታሪክ ሁሉ መሠረት ስለሆኑ በደንብ እንዲያዙልን እንለምናለን። አንደኛው፣ ልጁ የሚቀበለው ቅጂ ነው። ልጅ በመንገድ የበላው ከእናቱ ጎተራ እንደማይቀነስ ሁሉ፣ ልጁ በስንቁ ላይ የሚያደርገው ለውጥ ወደ ወላጁ አይመለስም። ሁለተኛው፣ ወላጁ ስንቅ የሚሰጠው በመነሻው ሰዓት ብቻ ነው፤ ልጁ ከሄደ በኋላ ወላጁ አሳቡን ቢለውጥ ወሬው ለልጁ አይደርሰውም።

ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ የተስማማ ሥርዓት ነበር። የዩኒክስ ፕሮግራሞች አብዛኛዎቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ፋይል ይዘረዝራሉ፣ ቃል ይቆጥራሉ፣ ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። ለአንድ ደቂቃ መንገድ የታሰረ ስንቅ አይሻግትም። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች የዓመት መንገድ የሚሄድ ልጅ ይመጣል ብለው ያሰቡ አይመስለንም።

ያ ልጅ የተወለደው በሌላ ቤት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቴኮ የሚባል፣ ዳን መርፊ የጻፈው የጽሑፍ ማሰናጃ ነበር። ቴኮ ራሱ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ስለነበረ በሰው ሠራሽ አእምሮ ላብራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚመቻቸውን የትእዛዝ ጥርቅም ይጽፉበት ነበር። ጥርቅሙ እየበዛ ሲሄድ የአንዱን ሰው ኤዲተር ሌላው ሊጠቀምበት የማይችልበት ጊዜ መጣ። ከዚህም የተነሣ በ1976 ሪቻርድ ስቶልማንና ጋይ ስቲል የተበታተነውን ሰብስበው አንድ ወጥ አደረጉት፤ ስሙም ኢማክስ ተባለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኢማክስ የተወለደው አይ ቲ ኤስ በተባለ በሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ፣ የዩኒክስ ስንቅ ከመውጣቱ ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሁለቱ አሳቦች በአንድ ቤት አላደጉም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፈው። በርናርድ ግሪንበርግ በ1978 መልቲክስ ለተባለው ሲስተም ኢማክስን በሊስፕ ቋንቋ ጻፈ። ጄምስ ጎዝሊንግ በ1981 በዩኒክስ ላይ የሚሠራ ኢማክስ በሲ ቋንቋ አወጣ። ስቶልማን ደግሞ በ1984 ጂኤንዩ ኢማክስን ጀምሮ በ1985 ለሕዝብ አሰራጨ። ይህ ዛሬ እኛ የምንጠቀምበት ነው። ውስጡ የሊስፕ አስተርጓሚ ስላለበት ባለቤቱ እየሠራበት ሳለ ጠባዩን ሊለውጠው ይችላል። አንዳንድ መምህራን ኤዲተር ማለት የጽሕፈት መኪና ነው ብለው ሲናገሩ ሰምተናል፤ ኢማክስን አይተው ቢሆን ይህን የሚሉ አይመስለንም። ሰው ጧት ይከፍተዋል፤ በውስጡ ይጽፋል፣ ከውስጡ ሳይወጣ ኮዱን ያስተረጉማል፣ ሼል ያስነሣል፣ ዳታቤዝ ይጠይቃል።

እንግዲህ ችግሩ የተጸነሰው እዚህ ላይ ነው። ኢማክስ ሲነሣ ልጅ ነው፤ ከወላጁ ስንቁን ተቀብሎ ፕሮሴስ-ኢንቫይሮንመንት በሚባል ዝርዝር ውስጥ ያኖረዋል። ከተነሣ በኋላ ግን እርሱ ራሱ ወላጅ ይሆናል፤ የሚያስነሣቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ከዚያ ዝርዝር እየቀዳ ያሰናብታቸዋል። ጎተራው አንድ ነው፤ ልጆቹ ግን የተለያየ አገር ሂያጆች ናቸው። እኛ በዚያ ሳምንት መጀመሪያ የዝናሙን ዳታቤዝ አድራሻ በኢማክስ ትእዛዝ በዚህ ጎተራ ውስጥ አስገብተን ነበር። ለዝናሙ ፕሮጄክት ብቻ ያስገባን መሰለን፤ ያስገባነው ግን ለሁሉ ነበር። የሙከራው ጠረጋ ሲነሣ የቀረበለትን ስንቅ ይዞ ሄደ።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ኢማክስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች ኤግዜክ-ፓዝ በሚባል በሌላ ዝርዝር ለራሱ ያስቀምጣል። ይህ ዝርዝር በመነሻው ሰዓት ከፓዝ ይቀዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሁለቱ ለየብቻቸው ይኖራሉ። በስንቁ ውስጥ ያለውን ፓዝ የለወጠ ሰው ኢማክስ ራሱ አሁንም በአሮጌው መንገድ ሲፈልግ ያገኘዋል። ከሼል ውስጥ የሚገኝ ፕሮግራም ከኤዲተሩ ሲጠራ ጠፋ የሚለው አቤቱታ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ሌላው ምንጭ ኢማክስ በሥዕል ምልክቱ ተጫኖ ሲነሣ ነው፤ በማክ ኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ሲነሣ ወላጁ ሼል ስላልሆነ በሼሉ የመነሻ ፋይል የተጻፈው ስንቅ አይደርሰውም። ለዚህም መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ኢማክስ ሲነሣ አንድ ሼል ጠርቶ ምን ይዘሃል ብሎ መጠየቅና የመለሰለትን መገልበጥ ነው። ልጁ ለወላጁ ስንቅ ሲያካፍል ማየት ያስቃል፤ ቢሆንም ይሠራል።

ኢማክስ ለሌላው ነገር ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ጥሩ መፍትሔ ነበረው። እያንዳንዱ የተከፈተ ጽሑፍ ባፈር በሚባል በራሱ ቤት ይቀመጣል፤ አንድ ቅንብርም ለአንድ ባፈር ብቻ የተለየ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በአንዱ ፋይል የመስመሩ ገባ ማለት አራት፣ በሌላው ሁለት ቢሆን አይጋጩም። ይህ ዋጋ በፋይሉ ራስጌ ወይም ግርጌ ሊጻፍ ይችላል። በ2009 በወጣው በ23ኛው እትም ደግሞ ዳር-ሎካልስ የሚባል ፋይል ተጨመረ፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ ሲቀመጥ በዚያና ከዚያ በታች ላሉት ፋይሎች ሁሉ ቅንብሩን ያዛል። እንግዲህ ፕሮጄክት የራሱ ደንብ ያለው አገር ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ደንቡን ማን ጻፈው? ፋይል ከማናውቀው ሰው ሊመጣ ይችላል፤ በውስጡ የተቀመጠው ቅንብርም ገና ሲከፈት ትእዛዝ የሚያስፈጽም ከሆነ፣ እንግዳ ደብዳቤ መክፈት ለእንግዳው የቤት ቁልፍ እንደመስጠት ይሆናል። ስለዚህ በ2007 የወጣው 22ኛው እትም ጕዳት የሌላቸውን ቅንብሮች ለይቶ በዝምታ ያሳልፍ፣ የቀሩትን ግን ባለቤቱን እየጠየቀ እንዲቀበል ተደረገ። ይህ የመተማመን ጥያቄ ወደ ኋላ እንደገና ይመጣብናል።

ዳር-ሎካልስ ሲወጣ ለስንቅ ጉዳይ መልስ የሚሆን ይመስል ነበር። በእኛ አስተያየት ግን ግማሽ መልስ ነው። የሚስማማው አንድ ጊዜ ተጽፎ ለማይለወጥ ዋጋ ነው፤ ስንቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስሌት የሚገኝ ነገር ነው፤ በነበረው ፓዝ ላይ አንድ ፎልደር ከፊት መጨመር፣ ከሌላ ፋይል የይለፍ ቃል ማንበብ የመሳሰለው። ከዚህም በላይ እዚያ የተጻፈውን ኢማክስ ብቻ ነው የሚያነበው፤ በተርሚናል የሚሠራው ጓደኛችን አያየውም። አንድ ፕሮጄክት ሁለት ደንብ ሊኖረው ነው ማለት ነው።

በዚሁ በ23ኛው እትም የገባ ሌላ ነገር ችግሩን አባብሶታል። ኢማክስ ያለ መስኮት ከበስተኋላ ተነሥቶ እንዲኖርና መስኮቶች እየመጡ እንዲያያዙበት ተፈቀደ። ኮምፒዩተሩ ካልጠፋ አንዱ ኢማክስ ለሳምንታት ይኖራል። በ1979 ለአንድ ደቂቃ የታሰበው ስንቅ ወር ሞላው።

ስንቁም በዚያው ዘመን እየከበደ ሄደ። የፓይተን ቋንቋ ጸሓፊዎች ከ2007 ጀምሮ ቨርቹዋልኤንቭ በሚባለው ዘዴ ለየፕሮጄክቱ የተለየ ፓይተንና የተለየ ቤተ መጻሕፍት ማዘጋጀት ያዙ፤ በ2012 የወጣው ፓይተን 3.3 ይህንኑ አሳብ በውስጡ አስገባው። ይህ ሥራ የሚጀምረው የሼሉን ፓዝ በመለወጥ ነው። በ2011 ገደማ ደግሞ የሄሮኩ ኩባንያ ሰዎች አሥራ ሁለት ነጥቦች ያሉት መመሪያ አውጥተው፣ የዳታቤዝ አድራሻና ምስጢር የመሳሰለው በኮዱ ውስጥ ሳይሆን በኢንቫይሮንመንት ይቀመጥ ብለው መከሩ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ምስጢር በኮድ ውስጥ እንዳይሰራጭ ይከለክላል። ነገር ግን ድሮ የተርሚናልን ዓይነት ይናገር የነበረው ስንቅ አሁን የትኛው ዳታቤዝ እንደሚጠረግ የሚወስን ሆነ።

እዚህ ላይ ከኢማክስ ውጭ ወደ ተሠራ አንድ ፕሮግራም መሻገር አለብን። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዳይርኤንቭ የሚባል ወጣ። ሥራው ሰው በሼል ወደ አንድ ፎልደር ሲገባ የፎልደሩን ስንቅ ማስያዝ፣ ሲወጣም መልሶ ማራገፍ ነው። አንባቢ እዚህ ጋ ሊያቆመን ይገባል፤ ልጅ የወላጁን ስንቅ ሊለውጥ አይችልም ብለናልና፣ ሼሉ ያስነሣው ዳይርኤንቭ የሼሉን ስንቅ እንዴት አድርጎ ይለውጣል? አይለውጥም። የሚያደርገው እንዲህ ነው። ሼሉ ለባለቤቱ ተራ ከመስጠቱ በፊት ሁልጊዜ ዳይርኤንቭን ይጠራል። ዳይርኤንቭ ካለበት ፎልደር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ኤንቪአርሲ የሚባል ፋይል ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ባሽ የተባለ ሌላ ሼል አስነሥቶ ፋይሉን እዚያ ያስፈጽማል። ከዚያም ስንቁ ከፋይሉ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከፋይሉ በኋላ ምን እንደሆነ አስተያይቶ ልዩነቱን ብቻ በትእዛዝ መልክ ይጽፋል። ወላጁ ሼል ይህን ጽሑፍ አንብቦ በገዛ እጁ ይፈጽመዋል። ሕጉ አልተጣሰም፤ ልጁ ወደ ጎተራው አልገባም፤ ለእናቱ ማስታወሻ ጽፎ ሰጣት እንጂ። በጥናታችን ካየነው ሁሉ እጅግ ደስ ያሰኘን ይህ ብልሃት ነው።

የመተማመኑንም ጥያቄ አልዘነጋውም። ዳይርኤንቭ አዲስ ፋይል ሲያይ አይፈጽመውም፤ ባለቤቱ አንብቦ ፈቅጃለሁ እስኪል ይጠብቃል። ፈቃዱም የተሰጠው ለፋይሉ ስም ብቻ ሳይሆን ለይዘቱም ነው፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ፈቃዱ ይፈርስና እንደገና ይጠይቃል።

አሁን ወደ ኢማክስ እንመለስ። ልዩነቱ የሚጻፈው ለሼል ብቻ ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ቅርጽም ስለሆነ፣ የኢማክስ ሰዎች ይህን ስንቅ ወደ ኤዲተሩ ለማስገባት ጽሑፋቸውን አዘጋጁ። አካሄዳቸው ግን ሁለት ሆነ።

ቀድሞ የወጣው አካሄድ፣ ባለቤቱ ከአንዱ ባፈር ወደ ሌላው ሲዛወር አንዱን ጎተራ ባዶ እያደረጉ በአዲሱ ፕሮጄክት ስንቅ መሙላት ነው። ቀላል ነው፤ ለብዙ ሰው ይበቃል። ድክመቱ፣ ጎተራው ዓይናችን ያረፈበትን እንጂ ሥራው የሚካሄድበትን አለመከተሉ ነው። ሰዓት ቆጥሮ በራሱ የሚነሣ ሥራ ቢኖር በዚያች ሰዓት የትኛው ባፈር ከፊታችን እንደነበረ ዕጣ ይወስንለታል።

ሁለተኛው በ2020 ገደማ የመጣ ሲሆን፣ ኢማክስ ለሌላው ቅንብር ሁሉ ያደርግ የነበረውን ለስንቅም አደረገው፤ ለእያንዳንዱ ባፈር የራሱ ፕሮሴስ-ኢንቫይሮንመንት፣ የራሱ ኤግዜክ-ፓዝ ተሰጠው። ሁለቱ ዝርዝሮች አብረው መለወጣቸውን ልብ ይሏል። ጎተራው ተከፈለ። ሆኖም እርሱም የራሱ እሾህ አለው። ብዙ የሊስፕ ጽሑፎች የውጭ ፕሮግራም ሲጠሩ መልሱን የሚቀበሉበት ጊዜያዊ ባፈር ከፍተው ከእርሱ ውስጥ ነው የሚጠሩት፤ አዲስ የተከፈተ ባፈር ደግሞ የፕሮጄክቱን ስንቅ አይወርስም፤ የጋራውን ያገኛል። የፕሮጄክቱ ፓይተን መኖሩ በግልጽ እየታየ የስሕተት መርማሪው ሌላ ፓይተን የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው የተጠሪውን ስንቅ ወደ ጊዜያዊው ባፈር የሚያሻግር ትንሽ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ፤ ያንን ግን ለየጥሪው ማልበስ ያስፈልጋል፤ የተረሳ ጥሪ እንደተረሳ ይቀራል። ኤንቪአርሲው ረጅም ሥራ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ኤዲተሩ ቆሞ ይጠብቃል።

እኛ ሁለቱን ሞክረን ሁለተኛውን መረጥን። ምክንያታችን አንድ ነው፤ በመጀመሪያው አካሄድ ስሕተት ሲፈጠር የሌላ ፕሮጄክት ስንቅ ይገኛል፤ በሁለተኛው ስሕተት ሲፈጠር የጋራው ስንቅ ይገኛል። የጋራውን ደግሞ ባዶ ማድረግ በእጃችን ነው። ዛሬ የዝናሙ አድራሻ በዝናሙ ፎልደር፣ የሙከራውም በሙከራው ፎልደር ተጽፏል፤ በጋራው ጎተራ የዳታቤዝ አድራሻ የሚባል የለም። የጠረጋው ትእዛዝም አድራሻ ካላገኘ በግምት እንዳይሄድ፣ የለም ብሎ እንዲቆም አድርገን ጻፍነው። ከጀመርን ወዲህ ሁለት ጊዜ ቆሞብናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከላይ ባልነው በጊዜያዊው ባፈር ምክንያት ነበር። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከኤንቪአርሲው አውጥተን ለጓደኞች ከሚላከው ኮድ ጋር በማይሄድ ሌላ ፋይል አኖርነው።

ከሦስታችን አንዱ በዚህ ሁሉ አልተስማማም። እርሱ ለየፕሮጄክቱ የተለየ ኢማክስ ከየፎልደሩ ሼል ማስነሣት ይበቃል ባይ ነው። አሳቡ እንደ 1979 ሕግ ከሆነ ፍጹም ትክክል ነው፤ ወላጅ አንድ፣ መንገድ አንድ፣ ስንቅ አንድ። የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ ከማባከኑና ከአንዱ ፕሮጄክት ወደ ሌላው ጽሑፍ ለመውሰድ ከማስቸገሩ በቀር የምንመልስለት ጠንካራ መልስ አላገኘንም። አሁንም በጠረጴዛው ላይ ሁለት ኢማክስ ከፍቶ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ይሠራል።

የጠፋውን መዝገብ ከወረቀቱ እንደገና ለመገልበጥ አሥራ አንድ ምሽት ፈጀብን።